ማርሳቢት ላይ ቆመናል፤ ሱዙኪ ዲአር650 ባትሪውን አይሞላም

ሰላም ወገኖች። እኔና ባለቤቴ በአንድ ሞተር ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ እየሄድን ነው፤ ሞያሌን አልፈን ሰሜን ኬንያ ውስጥ ማርሳቢት ላይ ቆመናል። ሞተሩ ይነሳል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም።

ባትሪው ላይ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ) 12.2 ቮልት ነው፤ በ5,000 ዙርም ያው። 14 አካባቢ መድረስ ነበረበት። ከስቴተሩ (ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ጥቅል) የሚወጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ነቅለን በኤሲ ስንለካ፣ ሦስቱም ጥንዶች ከ70 ቮልት በላይና እኩል ናቸው፤ አንዳቸውም ከማሳ (ከሞተሩ ብረት አካል) ጋር አይገናኙም። ስቴተሩ ደህና ነው ማለት ነው። ሬጉሌተሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ ቀይሮ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው) ላይ ግን አንዱ ቢጫ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ የነበረበት ዳዮዱ ተቃጥሏል። የሶኬቱ አንድ ፒን ግሎ ፕላስቲኩን አቅልጦታል። ሶኬቱን ቆርጠን ሽቦዎቹን በቀጥታ እንበይዳለን፤ አለዚያ አዲሱንም ያቃጥለዋል።

ናይሮቢ ያላችሁ፣ በተለይ ኢስሊ ያላችሁ ወገኖች፦ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ለባለ ሦስት ፌዝ (ባለ ሦስት ቢጫ ሽቦ) ስቴተር የሚሆን ሬጉሌተር ፈልጉልን። ሺንደንገን ኤፍኤች020ኤኤ ቢገኝ እንመርጣለን፤ ሙቀት ይችላል። ሦስት ቢጫ ሽቦ የማይቀበል የቦዳቦዳ (የሞተር ታክሲ) ሬጉሌተር አይሆነንም። ዋጋውን ቀድመን እንልካለን፣ እናንተ በማርሳቢት አውቶቡስ ጫኑልን።

በናይሮቢ መንገድ ላይ እስካለችው ከተማ እስከ ኢሲዮሎ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባትሪያችን 8 አምፔር ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የፊት መብራቱን ነቅለን እንኳ አያደርሰንም። የመኪና ባትሪ ጎን ለጎን አስሮ የነዳ አለ? ወይስ በፒክአፕ ማስጫን ይሻላል፣ ስንት ያስከፍላሉ?