ወደ ትንሿ ፏፏቴ፦ የጥቅምት ጉዟችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም የደሴ ማኅበራችን ቤተሰቦች፣ እንኳን ክረምቱን በሰላም አሳለፋችሁ። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን አብረን እንውጣ ተባብለን ነበር። እስካሁን ሦስት ሐሳብ መጥቷል። አንዱ ቦረና ሳይንት ሄደን ደንቆሮ ጫካን ማየት ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ያለበት ትልቅ ጫካ ነው፤ እኔም ባየው ደስ ይለኛል። ግን ከደሴ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሆንም። ሁለተኛው ሐይቅ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችሁ ያሰባችሁት እስጢፋኖስ ገዳምን ነው፤ ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ሥርዓቱ ይከበራል፤ የእኛ ጉዞ ግን አብሮ ለመዋል ነው። ሦስተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ ያለችው ትንሿ ፏፏቴ ናት። ከመኪና መንገዱ ጀምሮ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው 40 ደቂቃ ነው።

እኔ ለሦስተኛው ነኝ። አምና በወጣንበት ጉዞ አራት እናቶች መንገድ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁን። ፎቶው ላይ የሉም። እሱን ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል። ዘንድሮ ሁሉም የሚደርስበት ቦታ እንምረጥ።

ከወጣቶቹ አንዱ፦ እትዬ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ፏፏቴዋ በጣም ትንሽ ናት። ከሁለት ሰው ቁመት ብዙም አትበልጥም። ሰው ያን ያህል ሄዶ «ይቺው ናት እንዴ?» እንዳይል እሰጋለሁ።

ጡረታ የወጡት መምህር፦ ልጄ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ትልቅ ፏፏቴ ግን ከማዶ ቆመህ ነው የምታየው። ይቺን አጠገቧ ተቀምጠህ ታያታለህ። የወሎ ተራራ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አንዱ ንብር ጠንካራ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ቶሎ የሚፈረፈር። ውሃው የሥሩን እየቦረቦረ ይወስደዋል፤ የላይኛው እንደ ደፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚያች ቦታ ንብሮቹን በጣት እየነኩ መቁጠር ይቻላል። ልጆቹን እኔ አሳያቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዕቅዱ ላይ ይግባልኝ። ያ ደፍ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ከሥሩ ማንም አይቀመጥ።

ከወጣቶቹ አንዱ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁበት። ድንጋዩን ለማየት ቀድሜ እመጣለሁ።

ነርሷ፦ ከጤና በኩል የምለው አለኝ። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ዘመዶቻችን ከእኛ ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚነሡ ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል። በየ10 ደቂቃው እንረፍ። እርጥብ ድንጋይ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር ክፉኛ ያንሸራትታል፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ከጅረቱ ዳር ሳማ ስለሚበዛ ልጆቹ ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ውሃውን ማንም አይጠጣ፤ አልቅትም ሌላ በሽታም አለው። መዋኘት የምትፈልጉ ልጆች ከጉልበት በላይ እንዳትገቡ። ከላይ ዘንቦ ከሆነ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ውሃው ከደፈረሰ ወዲያው ወደ ዳገቱ መውጣት ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ ቀኑን እንቁረጥ። መስከረም አይሆንም፤ ለግሸን ማርያም በዓል ምእመናኑ ስለሚጎርፍ መኪና አይገኝም። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ስለዚህ የጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ይሁን። ውሃዋም ገና አልቀነሰችም፣ መንገዱም ጠፈፍ ብሎ ይጠብቀናል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላልና ጠዋት ይበርዳል፤ 2 ሰዓት ላይ ፒያሳ እንገናኝ። ሁለት ሚኒባስ ይበቃናል። መዋጮ በነፍስ ወከፍ 300 ብር፤ ሕፃናት በነፃ። የቸገረው ካለ ለእኔ ብቻ በግል ይንገረኝ፣ አብሽሩ።

የቡና እናታችን፦ ጀበናውንና ስኒውን እኔ አመጣለሁ። ፏፏቴው ሥር ሦስት ጉልቻ ጥለን እናፈላለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳንጠጣማ አንመለስም።

ግብርና የሚሠራው አባል፦ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጫካ ውስጥ በሚነድ እሳት አልስማማም። መግቢያው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ደርቆ ሲከማች አንድ ፍም ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጽድና ወይራ ነው። ጽድ ለማደግ ዘመን ይወስዳል፤ ብናቃጥለው በእኛ ዕድሜ አይተካም። ጫካው መውጫ ላይ ያሉትን ቤተሰብ አነጋግሬያለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ብናፈላ ደስ ይላቸዋል። ውሃና ማገዶ ከእነሱ እንገዛለን። መንገድ የሚያሳየንም ልጃቸው ነው፤ ለእሱም ይከፈለዋል።

የቡና እናታችን፦ እውነትህን ነው ልጄ። ጫካው ይቅደም። እንዲያውም ከሰው ግቢ ሲሆን ቡናው ይደምቃል። ቄጠማውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

የሸዋ በር ሰፈሩ አባል፦ ይህ ግሩም ነው። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርንም እዚያው ግቢ እንሰግዳለን። ውዱእ ከጅረቱ ማድረግ ይቻላል። ሳሙና ግን ማንም ወደ ውሃው እንዳያስገባ አደራ። ከታች ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

ጸሐፊዋ፦ ምግቡስ? ጽጌን የምንጾም አለን። ሥጋ ካመጣን ደግሞ የእስላም የክርስቲያን ተብሎ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይሁን፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንብላ። ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ይዘነው እንመለሳለን።

እንግዲህ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ረቂቅ ጻፍኩት፦

«በጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፒያሳ ተነሥተን ወደ ትንሿ ፏፏቴ እንሄዳለን። በሰው እርሻ ጥግ ስናልፍ የደረሰ ሰብል እንዳንረግጥ በአንድ መስመር እንጓዛለን። ጫካ ውስጥ እሳት አናነድም። ከፏፏቴው ደፍ ሥር አንቀመጥም። ፈጣኖቹ መንገድ ይምሩ፤ ደካሞች ከኋላ ከሁለት ወጣቶች ጋር ይከተሉ። እስከ 6 ሰዓት ከጫካው ወጥተን ለቡናና ለሶላት መንደሩ ግቢ እናርፋለን።»

የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ እናት፦ ጸሐፊያችን፣ እጅሽ ይባረክ። አንዱን ቃል ግን አልወደድኩትም። አምና ከኋላ ከቀሩት አንዷ እኔ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል። ከኋላ የሚሄድ ሰው መንገዱን አያይም፤ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ሌሎቹ ደርሰው ሲያርፉ እሱ ሲደርስ ደግሞ «በሉ እንነሣ» ይባላል። ሳያርፍ ይነሣል። በዚያ ላይ ሰው አስጠበቅሁ ብሎ ይሳቀቃል። እባካችሁ ይህን አስቡበት።

ጸሐፊዋ፦ እትዬ፣ ይቅርታ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

መምህሩ፦ እንግዲያው ገልብጡት። ቀስ የሚሉት ከፊት ይሁኑ። የሁላችንም እርምጃ በእነሱ ይለካ።

ከወጣቶቹ አንዱ፦ እኔና ጓደኞቼ መጨረሻ ላይ እንሆናለን። የወደቀ ቆሻሻ ካለ እየለቀምን እንመጣለን። 40 ደቂቃው አንድ ሰዓት ቢሆንስ ምን ይጎድልብናል?

ነርሷ፦ እስማማለሁ። መድኃኒት ሣጥኑን ይዤ መሐል ላይ እሆናለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ተስተካክሏል። «ቀስ ብለው የሚሄዱ አባላት ከመንገድ መሪው ቀጥሎ ከፊት ይሄዳሉ፤ ማንም አይቀድማቸውም» የሚል ሆኗል። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ማታ ይናገር። ከሌለ ለኮሚቴው እልካለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦ ተቃውሞ የለኝም። ለመንገድ መሪው ክፍያም በጀት ይዣለሁ።

የቧንቧ ውሃ ሰፈሯ እናት፦ እኔም ተስማምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት አጭር በርጩማ የሚይዝልኝ ካገኘሁ ይበቃኛል።

ከወጣቶቹ አንዱ፦ በርጩማው በእኔ ነው፣ እትዬ። ቅዳሜ ጠዋት ቤትዎ መጥቼ እወስደዋለሁ።