የቀኙ ቫልቭ አኖድ ይቀላል፣ ሙዚቃ ሳይኖርም ጉርምርምታ ይሰማል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

እንደምን ሰነበታችሁ። በኢኤል84 ቫልቭ (አየር በሌለው የመስታወት ኤሌክትሮኒክ ቱቦ) የሚሠራ፣ በየቻናሉ አንድ የኃይል ቫልቭ ብቻ ያለው አነስተኛ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ከኪት፣ ማለትም ለመገጣጠም ከሚሸጡ ዕቃዎች፣ ገጣጥሜአለሁ። መግቢያው ላይ ሁለቱንም ቻናል የሚያገለግል አንድ ኢሲሲ83 የተባለ ትንሽ ቫልቭ አለ። ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ የማሲንቆና የክራር ቅጂ ሲጫወትበት በተለይ ያምራል። ነገር ግን ሁለት ችግር ገጥሞኛል። አምፑ ከተከፈተ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በቀኙ ኢኤል84 ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት፣ ማለትም አኖዱ፣ በጎኑ በኩል መቅላት ይጀምራል፤ የግራው ግን ምንም አይሆንም። ሁለተኛው ከሁለቱም ስፒከሮች የሚወጣው ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነው፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ ባደርገውም አይቀንስም።

ለማሻሻያ የያዝኩት ገንዘብ ጥቂት ነው። አንድ ወዳጄ በውድ የሚሸጡትን የድሮ የአውሮፓ ቫልቮች ገዝቼ እንድቀይር መክሮኛል። ያለኝ መሣሪያ ካውያና ዲጂታል ቴስተር ነው። ገንዘቡን የት ባውለው ይሻላል?

መልስ፦ ከአዳማ

ወንድማችን፣ አኖዱ እየቀላ አምፑን ማጫወትዎን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። የኢኤል84 አኖድ በሙቀት መልክ እንዲያስወግድ የተፈቀደለት ከፍተኛው ኃይል 12 ዋት ነው፤ ቀላ ማለት ከዚህ እጅግ አልፏል ማለት ነው። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ከረንት የሚያልፈው ቫልቩን ከስፒከሩ ጋር በሚያገናኘው በአውትፑት ትራንስፎርመሩ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ሽቦው ከተቃጠለ ከቫልቩ የበለጠ ወጪ ይጠብቅዎታል።

ቫልቭ ለመግዛት አይቸኩሉ። አምፑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የግራውንና የቀኙን ኢኤል84 ቦታ ያለዋውጧቸው። መቅላቱ ቫልቩን ተከትሎ ወደ ግራ ከሄደ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፤ ቀኝ ላይ ከቀረ ግን ጥፋቱ የሰርኪዩቱ ስለሆነ የቱንም ያህል ውድ ቫልቭ ቢሰኩበት ያው ነው። ከዚያ የሁለቱንም ቫልቮች የአኖድ፣ የካቶድ (ኤሌክትሮን የሚያመነጨው ክፍል) እና የግሪድ (ከረንቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ቮልቴጅ ከግራውንድ፣ ማለትም ከሰርኪዩቱ ዜሮ መስመር፣ አንጻር ለክተው ይጻፉልን።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ይህን እባክዎ በጥሞና ያንብቡ፤ 300 ቮልት የሚጠጋ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሰው ይገድላል። አምፑ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከዋናው ካፓሲተር ፖዘቲቭ ወደ ግራውንድ አንድ የ100 ኪሎ ኦም፣ የ3 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ይበይዱ፤ 200 ማይክሮፋራድ ያህል ካለዎት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያራግፈዋል። ይህም ሆኖ ከመንካትዎ በፊት በቴስተር ማረጋገጥ አይቅር። ኤሌክትሪክ ባለበት ሲለኩ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ በአዞ አፍ መቆንጠጫ ግራውንድ ላይ ያስሩና በአንድ እጅዎ ብቻ ይሥሩ።

ሌላው በየቤታችን የሚዘነጋው የኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያያዘው የመከላከያ ሽቦ፣ ጉዳይ ነው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም፤ ከኋላው ሽቦው ያልተያያዘበት ቤት ብዙ ነው። የአምፑ የብረት ሳጥን ከእውነተኛ ኧርዝ ጋር መገናኘቱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምሩ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማራገፊያውን ሬዚስተር አስገብቻለሁ። ቫልቮቹን ባለዋውጥም መቅላቱ ቀኝ ላይ ቀርቷል። ልኬቱ እንዲህ ነው፦ በግራ አኖዱ 290፣ ካቶዱ 7.5፣ ግሪዱ 0 ቮልት፤ በቀኝ አኖዱ 278፣ ካቶዱ 13.5፣ ግሪዱ ደግሞ ፖዘቲቭ 9.5 ቮልት። የካቶድ ሬዚስተሮቹ ሁለቱም 150 ኦም፣ የግሪዶቹ ደግሞ 470 ኪሎ ኦም ናቸው።

መልስ፦ ከአዳማ

ልኬትዎ ሁሉንም ተናግሯል። የካቶዱን ቮልቴጅ ለ150 ኦም ሲያካፍሉት በቫልቩ የሚያልፈው ጠቅላላ ከረንት ይገኛል፤ ግራው 50፣ ቀኙ 90 ሚሊአምፔር ነው። ከዚህ ላይ አሥር በመቶ ገደማው የስክሪን ግሪዱ (በቫልቩ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ግሪድ) ድርሻ ስለሆነ ያንን ቀንሰው ቀሪውን በአኖድና በካቶድ መካከል ባለው ቮልቴጅ ያባዙ። ቀኙ ከ20 ዋት በላይ ያቃጥላል። ግራውም ቢሆን 12.7 ዋት ገደማ ስለሚደርስ፣ ባይቀላም ከልኩ አልፏል።

ጥፋተኛው ከኢሲሲ83 ወደ ቀኙ ግሪድ ድምፁን የሚያሻግረው ካፓሲተር ይመስለኛል። የእርሱ ሥራ ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን ማገድ ሆኖ ሳለ ትንሽ ዲሲ እያሾለከ ነው። በ470 ኪሎ ኦም ላይ 9.5 ቮልት ለመፍጠር 20 ማይክሮአምፔር ብቻ ይበቃል፤ ቫልቩን የሚያቀላው ይህችው ኢምንት ፍሳሽ ናት። ለማረጋገጥ አምፑን አጥፍተው የቀኙን ኢኤል84 ይንቀሉና ለአፍታ ከፍተው የሶኬቱን የግሪድ እግር ይለኩ። ቫልቩ ሳይኖርም ፖዘቲቭ ቮልቴጁ ካለ ካፓሲተሩ ነው። ያን ጊዜ የሁለቱንም ቻናል በ0.1 ማይክሮፋራድ፣ በ630 ቮልት የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር ይተኩ፤ ዋጋው ከአንድ ቫልቭ ጋር አይወዳደርም።

መልስ፦ ከሐዋሳ

ስለ ጉርምርምታው እኔ ልጨምር። የኃይል ማጣሪያውን 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ470 ቢተኩት ይጠፋል።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

የሐዋሳው ወንድሜ ሐሳብ ጉርምርምታውን መቀነሱ እውነት ነው፤ ግን የመጀመሪያውን ካፓሲተር ያን ያህል ማሳደግ አምፑ በተከፈተ ቁጥር ዳዮዶቹንና ትራንስፎርመሩን በከባድ ከረንት ያስጨንቃቸዋል። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ከብሪጁ (ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይሩት ዳዮዶች) በኋላ የሚቀረው ሞገድ 100 ኸርዝ ነው፤ 105 ሚሊአምፔር ሲሳብ በ100 ማይክሮፋራድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ኢሲሲ83ን ነቅለው ጉርምርምታው ባለበት ከቀጠለ ምንጩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ካፓሲተር ቀጥሎ አንድ የ220 ኦም፣ የ10 ዋት ነጭ የሴራሚክ ሬዚስተር፣ ከእርሱም በኋላ ሌላ 100 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት ካፓሲተር አስገባለሁ። 100 ማይክሮፋራድ ለ100 ኸርዝ የሚያሳየው ተቃውሞ 16 ኦም ያህል ስለሆነ ሞገዱ ወደ አሥራ አራተኛው ይወርዳል። ከዚህም በላይ ሬዚስተሩ 23 ቮልት ገደማ ስለሚውጥ፣ ከአዳማ የተነገረዎትን የዋት ትርፍ አብሮ ያስተካክልልዎታል። በአንድ ርካሽ ዕቃ ሁለት ችግር ይፈታል። ሬዚስተሩ ይሞቃልና ከካፓሲተሮቹ አርቀው ይትከሉት።

ከዚያ በኋላም የሚቀር የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ካለ ቫልቮቹን ከውስጥ የሚያሞቁትን የሂተር ሽቦዎች ይመልከቱ። ሁለቱን አጥብቀው እርስ በርስ ይግመዷቸው፤ የሂተሩ መስመር መካከለኛ መውጫ ከሌለው ከእያንዳንዱ ሽቦ ወደ ግራውንድ አንዳንድ የ100 ኦም ሬዚስተር ያኑሩ።

ጠያቂው፦

ካፓሲተሩ ነበር፤ ቫልቩ ተነቅሎም ሶኬቱ ላይ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ አሳይቷል። ሁለቱን ቀይሬ፣ የ220 ኦሙን ማጣሪያም ጨምሬ አሁን በሁለቱም በኩል አኖዱ 268፣ ካቶዱ 6.9፣ ግሪዱ 0 ነው። በስሌታችሁ መሠረት 11 ዋት አይሞላም። ጉርምርምታው ጆሮን ስፒከሩ ላይ ካላስጠጉ አይሰማም። ከገንዘቡ ግማሹ ስለተረፈ አሁን ቫልቭ ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር? ስፒከሮቼ ባለ 4 ኦም ሲሆኑ ያሰርኳቸው በ8 ኦም መውጫ ላይ ነው።

መልስ፦ ከአዳማ

ቫልቮቹ ጤነኞች ስለሆኑ ይተዉዋቸው። ኢኤል84 በዚህ አሠራር የሚስማማው 5 ኪሎ ኦም ገደማ ጭነት (በትራንስፎርመሩ በኩል የሚገጥመው ተቃውሞ) ነው፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር በ8 ኦም መውጫ ላይ ሲታሰር ጭነቱ በግማሽ ይወርድና ኃይሉ ቀንሶ መዛባቱ ይጨምራል። ትራንስፎርመሩ የ4 ኦም መውጫ ካለው ወደዚያ ያዛውሩት፤ ወጪ የለውም። ከሌለው የተረፈውን ገንዘብ ለተሻለ አውትፑት ትራንስፎርመር ያጠራቅሙ፤ የኪቶች ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው በእርሱ ላይ ነውና የቤዝ ድምፅ ልዩነቱን ወዲያው ይሰሙታል። ሲያዛውሩ ግን ስፒከር ሳይታሰር አምፑን አያጫውቱ፤ ያለ ጭነት ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሽቦውን ሽፋን ሊበሳው ይችላል።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ምናለሽ ተራ አካባቢ የድሮ የቫልቭ ሬዲዮ ካገኙ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሊጠቅምዎ ይችላል፤ ለስቴሪዮ ግን ተመሳሳይ ሁለት ያስፈልግዎታል። ሬዲዮው ውስጥ ያሉት ቫልቮች ስም በኢ የሚጀምር ከሆነ ሂተራቸው በ6.3 ቮልት የሚሠራ ነው። እንደ ዩኤል84 በዩ የሚጀምሩ ከሆኑ ግን ሂተሮቻቸው ተከታትለው የታሰሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎች ከመስመሩ የሚለይ የኃይል ትራንስፎርመር ስለሌላቸው ሻሲው (ዕቃዎቹ የተተከሉበት ብረት) ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሶኬት ላይ ሳይሰኩ ዕቃውን ብቻ ይፍቱ።