ዶክተሬ የጨጓራ ቀዶ ጥገና አስቢበት ብላኛለች፤ ደሴ ላለችው እናቴ ምን ብዬ ልንገራት?

የሰኞ ገበያዋ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እዚህ አነባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

ክብደቴ 112 ኪሎ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62። ስኳርም ግፊትም አለብኝ። ሌሊት ትንፋሼ ስለሚቆራረጥ የአየር ማሽን ፊቴ ላይ አስሬ ነው የምተኛው። ዳይት ስጀምር እቀንሳለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ የቀነሰው ሌላ ጨምሮ ይመለሳል። ዶክተሬ "ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ በሽታ ነው፣ ቀዶ ጥገናውን አስቢበት" አለችኝ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው አነሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር አዛውራለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም ተብያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ደሞዝ ልቀመጥ ነው። ወንድሜ ደግሞ ኩታበር ላይ ቤት ጀምሮ ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮ ቀርቶታል። "ክረምት ሳይገባ ላኪልኝ፣ ጭቃው ሊፈርስብኝ ነው" እያለ ይደውላል።

ኢንሹራንስ ይከፍላል ወይ? ሥራዬንስ ይይዙልኛል? ከቀዶ ጥገናው ዓይነቶች ስሊቭ ነው ባይፓስ የሚሻለው? ቃር ክፉኛ ያስቸግረኛል፤ በዚህ ያለፈ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉም የከበደችኝ ግን እናቴ ናት። ነካ አድርጌ ባነሳባት "ደህናውን ሆድ ማን ነው የሚቀደው? ምን ጎድሎሽ ነው?" ብላ አለቀሰች። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ዱዓ አደረገልኝ፤ በዚያው ተዘጋ።

የኮምቦልቻው፣ ሜሪላንድ

አብሽሪ እህቴ። ክሊኒክ ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት ነው የምሠራው፣ የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉትን ያያሉ። ኪሎሽን ለቁመትሽ ሁለት ጊዜ ታካፍያለሽ፤ የአንቺ 42.7 ገደማ ይመጣል። በፈረንጆቹ ከ1991 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ያለበት ሰው ነው። በ2022 የቀዶ ሐኪሞቹ ማኅበራት ዝቅ አደረጉት፤ 35 ለሞላው ሌላ ሕመም ባይኖርበትም ይመከርለታል፣ ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ብዙ ኢንሹራንሶች ግን አሁንም የድሮውን ነው የያዙት። አንቺ በሁለቱም ታልፊያለሽ።

የሚያስቸግረው የኢንሹራንስ ፕላንሽ ነው። አሠሪዎች ሲገዙት ይህን ሕክምና ከነጭራሹ ያስወጡበት ፕላን አለ። እንዲያ ከሆነ ቢኤምአይሽ 60 ቢሆንም አይከፍሉም። ካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ "ቤሪያትሪክ ሰርጀሪ (የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና) ፕላኔ ውስጥ አለ ወይ?" በይ። መልሱን በጽሑፍ ይላኩልሽ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑንም ያዢ። ካለ፣ ብዙዎቹ ለተወሰኑ ወራት የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲከታተልሽ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም እንዲያይሽ ይጠይቃሉ። ቀጠሮ እንዳትዘይ፤ አንድ ወር ከተዘለለ እንደገና ጀምሪ የሚሉ አሉ። ቢከለክሉሽም ይግባኝ አለው፣ ዶክተርሽ ትጽፍልሻለች።

ሥራሽን በተመለከተ ኤፍኤምኤልኤ የሚባል የ1993 ሕግ አለ። ድርጅቱ ባካባቢው 50 ሠራተኛ ካለው፣ አንቺም 12 ወር ከሠራሽና ባለፈው አንድ ዓመት 1,250 ሰዓት ከሞላሽ እስከ 12 ሳምንት ቦታሽን ይይዙልሻል። ደሞዝ ግን የለውም። ለአጭር ጊዜ የአካል ጉዳት የሚባለው ኢንሹራንስ ከደሞዝሽ ይቆረጥ እንደሆነ ፔይ ስታብሽን፣ የደሞዝ ወረቀትሽን፣ እዪ፤ ካለሽ የደሞዝሽን የተወሰነ ክፍል ይከፍልሻል። ቀኑ ሲታወቅ ከ30 ቀን በፊት ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) አሳውቂ። ለሥራ ባልደረቦችሽ ምን እንደምትታከሚ የመንገር ግዴታ የለብሽም።

የሐይቋ፣ ለንደን

እህት ዓለም፣ እኔ ስሊቭ ተሠርቻለሁ። ወጪውን የቻለው ኤንኤችኤስ፣ የዚህ አገር የመንግሥት ጤና አገልግሎት ነው። እዚህ አገር ለእኛ ለጥቁር አፍሪካውያን መለኪያው በ2.5 ዝቅ ይላል፤ ስኳር ባነሰ ክብደት ስለሚይዘን ነው። ወረፋው ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

በስሊቭ ከጨጓራሽ ሦስት አራተኛ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ብሎ ይቀራል። የወጣው ተመልሶ አይገባም። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ለይተው ወደ ታች ካለው ትንሹ አንጀት ጋር ይቀጥሉታል። ሐኪሜ ከሁሉ በፊት ቃር አለብሽ ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ስሊቭ ቃርን ሊያብስ ይችላል፣ ላልነበረበትም ሊያመጣ ይችላል። እኔ አልነበረብኝም። ስለዚህ በዚህ ከራሴ የምነግርሽ የለኝም። ብቻ በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ በጉሮሮ አስገብተው፣ ሳያዩሽ እሺ እንዳትይ።

የምነግርሽ ስለ ምግቡ ነው። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ እያለ ሳምንታት ይወስዳል። ሰዎቻችን ታማለች ብለው በቴርሞስ አጥሚት ይዘው መጡ። ቅቤው ከላይ ተኝቷል፣ ስኳሩ ከታች። ፈሳሽ ነው ይሉሻል፤ ላንቺ ግን አይሆንም። በተለይ ባይፓስ ከሆነ ስኳር የበዛበት ነገር በቶሎ አንጀት ይገባና ልብሽ ይመታል፣ ያልብሻል፣ ሆድሽ ይገለበጣል። ስጦታውን ተቀበይ፣ መርቂ፣ ለልጆቹ አጠጪ።

ጉርሻንም ተጠንቀቂ። አንድ ሰርግ ላይ አክስቴ "በሞቴ" ብላ በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ሳላኝክ ወረደ። ደረቴ መሃል ቆመ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ምራቄ አረፋ ሆኖ አፌን ሞላው። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ እስኪወጣ ድረስ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አሁን "አንድ ጉርሻ ብቻ፣ እሱንም ራሴ ልጠቅልለው" እላለሁ። የሚቀየመኝ የለም።

ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያሻል። እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ ምስሩን አስቀድሚ፣ እንጀራው ኋላ ይምጣ። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ከወራት በኋላ ጸጉርሽ ሊረግፍ ይችላል፣ ተመልሶ ይበቅላል። የስኳር መድኃኒትሽን መጠን ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሐኪም ይይልሽ፤ ክብደትሽ ሳይወርድ ስኳርሽ ሊወርድ ይችላል።

ጋሼ ከወረኢሉ፣ ሲያትል

ልጄ፣ እንደ አባት ነው የምናገረው፣ እንዳትቀየሚኝ። ባቲ መጠለያ በ77 ምን እንደነበር በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። የ66ቱንም በልጅነቴ አይቻለሁ። ሰው በረሃብ የረገፈበት አገር ልጆች ነን። ከቀረው ስንቱ በሰፈራ ወለጋና ኢሉባቦር ተበተነ። ዛሬ ልጆቻችን ምግብ በዝቶባቸው ጨጓራ ሲያስቆርጡ ስሰማ አንጀቴ አይችልም። ጾም አለን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ እስላሙም ረመዳን አለው። ጦሳ ተራራን ወጥቶ የሚወርድ ሰው ሲወፍር አላየሁም። መኪናውን አቁሚና በእግርሽ ሂጂ። ከቢላ በፊት ይሄ ይሞከር።

የወልድያው፣ ፍራንክፈርት

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ንግግር ሰው ይጎዳል። ነርስ ነኝ። በየሳምንቱ እንዲህ የተባሉ ሰዎች አያለሁ። አፍረው ይቆዩና እግራቸው ቆስሎ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ ይመጣሉ።

ልጅቷ ዳይት ሞክሬያለሁ ብላለች። ሰው ክብደት ሲቀንስ ሰውነቱ ረሃብ መጣ ብሎ ይከላከላል፤ የረሃብ ስሜቱ ይጨምራል፣ የሚያቃጥለው ጉልበት ይቀንሳል። በስሊቭ የሚወጣው የጨጓራ ክፍል ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ነው። ለዚህ ነው ሰዎቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያን ያህል የማይርባቸው። በጸሎትና በጉልበት የሚመጣ ነገር አይደለም። ስኳር ለያዘው ሰው ኢንሱሊን ተው፣ ታገሥ ይሉታል?

ጾም ያሉትም ቢሆን፣ መድኃኒት የምትወስድ የስኳር ታማሚ ያለ ሐኪም ምክር ብትጾም ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች።

የቦሩ ሜዳዋ፣ ጅዳ

እኔ ስለ ወንድሟ ልናገር። በአላህ፣ ቆርቆሮው ይቆይ! እኛ ሴቶቹ በሰው አገር ተሰብረን የነሱን ቤት እናቆማለን። እኔ የስንቱን ልኬያለሁ፤ የባጃጅ፣ የሰርግ፣ የመውለጃ። ወገቤ ሲያመኝ ግን "እንዴት ነሽ" ያለኝ የለም፤ "መቼ ትልኪያለሽ" ነው። ስድስት ሳምንት የለሁም በይው። ላስቲክ ያልብስበት፣ ከጎረቤት ጋር በደቦ ሣር ያልብሰው። አንቺ ከሞትሽ ማን ሊልክለት ነው?

ውፍረቱንም ቢሆን አውቀዋለሁ። እኔ አገር ቤት ቀጭን ነበርኩ። እዚህ ማዳሞቹ ሲተኙ ነው የምበላው፣ ማታ ስድስት ሰዓት፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ብቻዬን። ቤታችን አንድ ትሪ ከበን ነበር የምንበላው። አባቴ ዱዓ ሳያደርግ እጅ አይሰነዘርም፤ ቡናው እስከ ሦስተኛው ይጠጣል። እዚህ አንድም ቀን ጠግቤ አላውቅም፣ ግን እበላለሁ። ይሄንን ዶክተር ይቀድልኛል ወይ? የሥነ ልቦና ባለሙያ ያያታል ስትሉ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። እህቴ፣ እንዳትደብቂያቸው፣ ሁሉንም ንገሪያቸው።

ደግሞ የክብደት መቀነሻ መርፌውስ? ኦዜምፒክ የሚሉት? እሱን ብትወስድ መቀደዱ አይቀርላትም?

የወልድያው፣ ፍራንክፈርት

መርፌው ጥሩ ነው፣ ትጠይቃቸው። ኦዜምፒክ የስኳር ነው፤ ያው መድኃኒት ዌጎቪ ተብሎ በ2021 ለክብደት ተፈቀደ፣ ዜፕባውንድ የሚባለው ሌላ መድኃኒት ደግሞ በ2023። ግን ሲቆም ክብደቱ ባብዛኛው ይመለሳል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። በእሷ ክብደት ብዙ የሚቀንሰው አሁንም ቀዶ ጥገናው ነው። ሌላ አገር በርካሽ እሠራለሁ ብለሽ ግን እንዳትሄጂ፤ የተሰፋው ቦታ ቢያፈስ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ማን ያይሻል?

የሐይቋ፣ ለንደን

ጋሼ ያሉትን ሳነብ እናትሽ ገባችኝ። የ77ን ወሎ ያየች እናት ልጇ ስትከሳ ምን ይታያታል? እኔ ከቀነስኩ በኋላ ቪዲዮ ስንደዋወል እናቴ ጉንጬን አይታ "ማን ነው ያስራበሽ?" ብላ ነው ያለቀሰችው። የምግብ እጥረት እንደሌለብኝ ነግሬያት አልሰማ አለችኝ። በመጨረሻ ከእኔ ቀጥታ መሆኑ ቀርቶ ደሴ ያለች ነርስ የአጎቴ ልጅ ቤት ድረስ ሄዳ አስረዳቻት። የአያቴን እግር ስኳር እንዳስቆረጠው አስታወሰቻት። ያኔ ዝም አለች። ይሁን አላለችም፣ ግን ማልቀሱን ተወች።

እናትሽ ስለ ሆድ መቀደድ ስታለቅስ ስለ ስኳርሽ ንገሪያት። እሱን ታውቀዋለች። አጠገቧ የምታምነው ሰው ካለ ያ ሰው ይቀመጥላት። ስልክ ለእንዲህ ያለ ወሬ አይሆንም።

ጋሼ ከወረኢሉ፣ ሲያትል

እኔ ማንንም ለማሳፈር አልተናገርኩም። ስኳር አለባት የሚለውን አንብቤያለሁ። ግን ልጅቷ ቆማ የምትሠራ፣ ሰው የምታነሳ ናት። የታመመ ሰው እንዲህ ነው? ደግሞ ከዚህ በኋላ እንደ ሰው መጾም ልትችል ነው? ጾሙን ካጣች ምን ቀራት?

የሐርቡው፣ ሚኒያፖሊስ

ጋሼ፣ አል-በቀራ 185 ላይ የታመመ ሰው በሌሎች ቀናት ይተካ ይላል። ይሄ የተፈታ ነገር ነው። ባለቤቴ ባይፓስ ናት። ሐኪሟ ቢያንስ አንድ ዓመት አትጹሚ አላት፤ ውኃ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጨሽ ነው የምትሞይው ስላላት። ከዚያ በኋላ በሐኪም ፈቃድ ጾማለች።

ጋሼ ከወረኢሉ፣ ሲያትል

ለእስላሙ ተፈታ። እኛስ? ሥጋና እንቁላል ብላ እየተባለ ሁዳዴ ሊገባ ነው።

የኮምቦልቻው፣ ሜሪላንድ

የንስሐ አባቷን ትጠይቅ እንጂ እዚህ አንፈርድባትም። ለታመመ ሰው ቀኖና አለው። ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ፕሮቲን ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ፣ እኛ የያዝነው ሌላ።

የወልድያው፣ ፍራንክፈርት

ጾም ነው ጤና? ከዚህ በላይ አልከራከርም፤ ሰው በዚህ ወሬ ቀጠሮውን ይሰርዛል።

ጋሼ ከወረኢሉ፣ ሲያትል

አልከራከርም ብለህ የመጨረሻውን ቃል ወሰድክ። እኔ ልጅቷ እንዳትቸኩል ነው ያልኩት። አሁንም እላለሁ።

የሰኞ ገበያዋ፣ ቨርጂኒያ

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጣችሁ። ጋሼ፣ አልተቀየምኩም፤ አባቴም እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው።

ዛሬ ደወልኩ። ፕላኔ ውስጥ አለ፤ ስድስት ወር ክትትል ይጠይቃሉ። በጽሑፍ ላኩልኝ ብያለሁ። ሥራ ቦታዬ ከ50 ሰው በላይ አለ፣ ሰዓቴም ሞልቷል። ለወንድሜ የሩቡን ልኬ ቀሪው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው ብዬዋለሁ፤ ተቆጥቶ ስልክ አያነሳም። ለእናቴ ደሴ ያለች እህቴን ልልክ ነው። እሷም እንደ እናቴ ፈሪ ናት፣ መጀመሪያ እሷን ማሳመን አለብኝ።

የቃሩ ነገር ግን እንዳለ ነው። የሐርቡው ወንድሜ፣ ባለቤትህ ከባይፓሱ በፊት ቃር ነበረባት? ከነበረባት አሁን እንዴት ናት? ራሷ ብትጽፍልኝ በጣም ደስ ይለኛል።