ወንዱን ልውሰድ ወይስ ሴቷን?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የጎረቤታችን ውሻ ወልዳ ወንድና ሴት ቡችላ ቀርተዋል፤ አንዱን ምረጥ ተባልኩ። ወንዱ ደፋር ነው፤ የጫማዬን ክር ይዞ አይለቅም። ሴቷ መጀመሪያ ራቅ ብላ ታየኛለች። ስቀመጥ ግን ቀስ ብላ መጥታ እግሬ ላይ ትተኛለች። ልቤ ወደ እሷ አድልቷል።

እናቴ ደግሞ «የሴት ውሻ ጣጣዋ ብዙ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ በዓመት 2 ጊዜ ገደማ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ሲመጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ይሰፍራል። ወንዱም ቢሆን ሽታ ተከትሎ እስከ ጣና ዳር ሊጠፋብኝ ይችላል።

ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ። ሁለቱንም ያሳደጋችሁ፣ ጠባያቸው በእርግጥ በፆታ ይለያያል ወይስ እንደ አስተዳደጋቸው ነው? እዚሁ ከተማ ውሻ የሚያመክን ሐኪም ካወቃችሁም ጠቁሙኝ። እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ።