የአፈር እርጥበት መለኪያ ሴንሰሩ ዕቅድ፣ 2ኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በመገጭ ወንዝ ዳር ለ12 ማሳ 12 ሴንሰር። ሁሉም በሎራ፣ በትንሽ ኃይል ሩቅ በሚደርስ ሬዲዮ፣ ወደ አንድ መቀበያ ይልካሉ። መቀበያው ከነሶላሩ በቆላ ድባ መንገድ ዳር፣ 6 ሜትር የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ሽንኩርቱን በግምት እያጠጣን ነዳጅ መፍጀቱ ይብቃን። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ባለ ሞተር፦ ባሕር ዛፍ? ውኃ ልንቆጥብ ውኃ ጠጪ ልናቆም?

ጸሐፊ፦ የተቆረጠ ግንድ ነው ወንድምዓለም። አይጠጣም።

ባለ ሞተር፦ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ደርቋል ያልኩት አጥሬ ዘንድሮ አቆጥቁጧል።

ከመገጭ ማዶ፦ ቢያቆጠቁጥም ባያቆጠቁጥም ምስጥ ይበላዋል። ብረት ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ በየትኛው ብር?

ባለ ሞተር፦ ብረት አቁሙና በማግሥቱ ከቁራሌው መልሳችሁ ግዙት።

ባለ ላፕቶፑ፦ ምሰሶውን ተዉትና ስለ አፈሩ እናውራ። ማሳችን ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ስንጥቁ ሴንሰሩን ከነካው አየር ነው የሚለካው፤ ሥሩ ጋ ርጥብ ሆኖ «ደረቅ» ይለናል። የሴንሰሩን ቁጥር ወደ እርጥበት ለመቀየር ፋብሪካው የሚሰጠው ቀመርም ለዋልካ አይሆንም። አፈሩን መዝኖ፣ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቆ፣ እንደገና መዝኖ ነው ከሴንሰሩ ጋር የሚተያየው። ቅዳሜ ከየማሳው አፈር የምሰበስበው እኔ ነኝ።

ከመገጭ ማዶ፦ ጎበዝ። ግን ባሕር ዛፍ አይሆንም።

ጸሐፊ፦ አሁንም እዚያው ነን?

ባለ ሞተር፦ አዎ እዚያው ነን። አምና ለፓምፑ ያዋጣነው የት እንደደረሰ እናውቃለን።

ጸሐፊ፦ ምን ማለትህ ነው? ደረሰኙን አይተሃል። አፍህን ሰብስብ!

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ ቀስ። ደረሰኙ እኔ ጋ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይይ።

ባለ ሞተር፦ እሺ፣ ሰው ስሜን ሲያነሳ ነው የተናደድኩት።

ጸሐፊ፦ ስምህን ማን አነሳው?

(እሑድ)

ገንዘብ ያዥ፦ ባለ ላፕቶፑ፣ አፈሩ ተሰበሰበ?

(ማክሰኞ)

ገንዘብ ያዥ፦ ባለ ላፕቶፑ?

ከመገጭ ማዶ፦ ስልኩ አይነሳም። ለማንኛውም ምሰሶው ብረት ከሆነ ዘበኛ የግድ ነው። ቢያንስ ለሶላሩ።

ባለ ሞተር፦ ዘበኛ ደግሞ ሜዳ ላይ አያድርም።

ጸሐፊ፦ 3ኛ ረቂቅ፦ የብረት ምሰሶ፣ አንድ ዘበኛ፣ የቆርቆሮ ጎጆ። ብሩ ስላልበቃ ሴንሰሩ 4 ሆኗል።

ከመገጭ ማዶ፦ ተስማምቻለሁ።

ባለ ሞተር፦ ጎጆው የሚቆመው በማን ማሳ ላይ ነው?