ትንበያው «ቀላል ዝናብ» እያለ በታጨደው ሣራችን ላይ ዶፍ ለምን ወረደ?

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

እንደምን ከረማችሁ? ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን ባለው ሜዳ ላይ ሣር አሳጭጄ በመሸጥ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ጥቅምት ሲገባ ሣሩ ታጭዶ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰነብትና ይታሰራል። ባለፈው ሳምንት ያነበብኩት ትንበያ «በጥቂት ቦታዎች ላይ ቀላል መጠን ያለው ዝናብ ይኖራል» ይል ስለነበር ደፈር ብዬ ማሳውን በሙሉ አሳጨድኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሰማዩ ኩልል ብሎ የጠራ ነበር። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በተራራው አናት ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያሉ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ 8 ሰዓት ሲሆን ሆዳቸው ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ቀድሞ፣ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደብን። ከሁለት ቀን በኋላ ሣሩን ስንገለብጠው ከሥሩ ሻግቶ አገኘነው፤ ላሞቹ እንኳ አሽትተውት ይመለሳሉ። ከእኛ ብዙም የማይርቅ ወዳጄ ግን አንድ ጠብታ አላየም። ጠዋት ያልነበረ ደመና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከየት ይመጣል? የሳምንቱን ትንበያስ እንዴት ልረዳው?

መልስ፣ ከሆለታ

ስለደረሰብዎ ጉዳት አዝኛለሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁና ስለ ደመናው የማውቀውን ልግለጽ። ያ ደመና ከሌላ አገር ተነድቶ የመጣ ሳይሆን እዚያው ሜዳዎ ላይ የተነሣ ነው። የሚፈላ ጀበና አስተውለው ከሆነ፣ ከአፉ ጥግ ያለችው ቦታ ባዶ ትመስላለች፤ ነጩ ነገር የሚታየው ከዚያ ፈንጠር ብሎ ነው። ባዶ በሚመስለው ቦታ ያለው እውነተኛው እንፋሎት ሲሆን ዓይን አያየውም፤ ነጩ ግን ቀዝቅዞ ደቃቅ የውኃ ጠብታ የሆነው ነው። ደመናም እንዲሁ ነው።

ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከላዩ ያለው አየር ሞቆ ይነሣል፤ የተራራው ተዳፋትም ሽቅብ ይገፋዋል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው የጤዛ ነጥብ ከሚባለው ሙቀት ሲደርስ እንፋሎቱ በአየር ላይ ባለ አቧራና የጭስ ብናኝ ላይ ተጠግቶ ጠብታ ይሆናል። ለምሳሌ ሜዳው ላይ ሙቀቱ 20፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 12 ዲግሪ ቢሆን፣ አየሩ ሲወጣ የጤዛ ነጥቡም አብሮ ጥቂት ዝቅ ስለሚል የደመናው ሆድ ከማሳዎ በላይ 800 ሳይሆን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል። የጤዛ ነጥቡ 16 ቢሆን ግን ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል፤ አየሩ ብዙ እርጥበት ተሸክሟል ማለት ነው።

ፍጥነቱ ያስገረመዎት እንፋሎት ውኃ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ስለሚለቅ ነው። ሙቀቱ አየሩን መልሶ ሽቅብ ስለሚገፋው፣ እርጥበት እስካለ ድረስ ደመናው ራሱን እየመገበ ያድጋል። አንዷ የዝናብ ጠብታ ከሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታዎች የምትገነባ መሆኗን ሳስበው እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

መልስ፣ ከሰንዳፋ

ልጄ፣ እኔ በእርሻ ያረጀሁ እናት ነኝ። መምህሩ ያሉት ደግ ነው፤ ስለ ትንበያው ግን ልጨምርልህ። «በጥቂት ቦታዎች» የሚለውን ቃል አለፍ ብለህ ያነበብከው መሰለኝ። የሳምንት ትንበያ የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ አየሩ ዝናብ የሚያመጣ እርጥበት መያዙን ይነግርሃል እንጂ ደመናው በማን ማሳ ላይ እንደሚፈስ አይነግርህም። ወዳጅህ መድረቁ፣ አንተም መመታትህ ከዚያው ቃል ጋር የሚስማማ ነው።

መጠኑን በተመለከተ ግን ቅሬታህ ተገቢ ነው። ሆኖም በአገራችን ባለሙያዎቹ ከባድ የሚሉት በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበውን መሆኑን ልብ በል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በየካሬ ሜትሩ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር የታጨደ ሣር ለማበላሸት ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ በእነርሱ ቋንቋ ከባድ አይባልም። እኔ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ደጅ አስቀምጬ ውኃውን በማስመሪያ እለካለሁ። «ጥቂት ቦታዎች» በተባለበት ሳምንት ደግሞ በአንድ ቀን ሊሰበሰብ ከሚችለው በላይ አላሳጭድም።

ጠያቂው

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ አባቴ ጠዋት ጤዛ ከበዛ ቀኑ ደረቅ ይሆናል ይለኝ ነበር፤ ማክሰኞ ግን እግሬ እስኪርስ ጤዛ ነበር።

መልስ፣ ከሆለታ

ጤዛ የሚበዛው ሌሊቱ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለበት ሲሆን ነው፤ ስለዚህ የአባትዎ ቃል ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ በሚበረታበት በበጋው ወራት ብዙ ጊዜ ይሠራል። በጥቅምት መግቢያ ግን የክረምቱ እርጥበት ገና ጨርሶ ስላልወጣ ያው ጤዛ የከሰዓቱን ደመና የሚመግብ ውኃ መኖሩንም ሊያመለክት ይችላል። እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ተራራውን ይመልከቱ፦ ደመናዎቹ ዝርግና የተበታተኑ እንደሆኑ ከቆዩ ማጨዱን ይቀጥሉ፤ ከጎናቸው ይልቅ ቁመታቸው እየበለጠ እንደ አበባ ጎመን ከተቆለሉ ግን የደረቀውን ቶሎ አሳስረው ሸራ ያልብሱት።

ጠያቂው

የቀረችኝ ማሳ ሩብ ሄክታር ያህል ናት። ሐሙስ ጠዋት ተራራውን አይቼ ግማሿን ብቻ አሳጭዳለሁ፤ ጣሳውንም ዛሬ ማታ ደጅ አኖራለሁ።