የገጸ ባሕርዬን እግር ሰብሬ ረሳሁት፤ እርዱኝ

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ልብ ወለድ ላይ 3 ዓመት ሆኖኛል። ቀን ሱቅ እውላለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ይማም ይባላል። የጭነት መኪና ረዳት ነው። ምዕራፍ 3 ላይ መኪናው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ይገለበጣል። የይማም ቀኝ ጭን ይሰበራል። ፊቱንም መስታወት ከግንባሩ እስከ ጉንጩ ይቀደዋል። ያንን ምዕራፍ 4 ጊዜ ነው የጻፍኩት። ስጽፈው አልቅሻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ረቂቁን ለአክስቴ አነበብኩላት። አክስቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን እንደሷ የሚያዳምጥ ሰው አላውቅም። ቡና እያፈላች ዝም ብላ ሰማችኝ። ምዕራፍ 9 ላይ ደረስን። ይማም በጓደኛው ሠርግ ላይ መሬት ድረስ እየወረደ፣ እየተነሳ ይጨፍራል። አክስቴ ጀበናውን አስቀመጠችና «እግሩ መቼ ዳነ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ከምዕራፍ 4 ጀምሬ ረቂቁን ፈተሽኩት። እግሩን ያነሳሁት 2 ቦታ ብቻ ነው። የፊቱን ጠባሳ ግን 5 ቦታ ጠቅሼዋለሁ፤ አምስቱም ጊዜ የሚወዳት ልጅ ስታየው ነው። ለካ ጠባሳውን የሰጠሁት እሱ እንዲኖርበት ሳይሆን እሷ እንድታየው ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ የወጋሁት እኔ ነኝ። ረሳሁ። ይማም ግን እንዴት አብሮኝ ይረሳል?

ከዚያ ወዲህ የማነበው ሁሉ ላይ ይኼው ነገር ይታየኛል። ጀግናው ትከሻው ላይ በጥይት ይመታል፣ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ በዚያው እጁ ሰው ተሸክሞ ይሮጣል። አንዱ ዓይኑን ያጣል፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን በር አይመታውም፣ ሻይ ሲቀዳ አንድም ቀን ውጭ አያፈስም።

እንዲድን አልፈልግም። ታሪኩ ከአደጋው በኋላ ስላለው ኑሮ ነው፣ ስለዚህ ጉዳቱ እስከ መጨረሻው ገጽ አብሮት መኖር አለበት። ግን በየገጹ «እግሩን አመመው» እያልኩ አንባቢ ማሰልቸትም አልፈልግም። ጭኑ የተሰበረ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ እንዴት ይውላል? ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበትስ? የምታውቁ ንገሩኝ። አንድ በአንድ፣ ትንሽ የሚመስለውንም።

ፊዚዮቴራፒስት ከኮምቦልቻ

እህቴ አብሽሪ። አክስትሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁሽ።

ጭን ላይ ያለው አጥንት ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው ነው። እሱን የሚሰብር አደጋ ቀላል አደጋ አይደለም። ለመግጠም ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ስለዚህ መጀመሪያ ወራቱን ቁጠሪ። አደጋው ሰኔ ላይ ከደረሰ ይማም መስከረምን የሚቀበለው በክራንች ነው።

ቀጥሎ ማን እንዳከመው ወስኚ። በቀዶ ጥገና ብረት ከገባለት አጥንቱ ቀጥ ብሎ ሊገጥም ይችላል፣ ቶሎም ይነሳል። እግሩ በክብደት ተስቦ ከተኛ ለሳምንታት አልጋ ላይ ነው። ወጌሻ ጋ ከሄደስ? በወጌሻ እጅ የዳነ ብዙ ሰው አለ፣ ያንን አልክድም። ጭን ላይ ግን ጡንቻው ኃይለኛ ነው። የተሰበረውን አጥንት ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ይገጥማሉ። እግሩ አጠረ ማለት ነው። ማሰሪያው በጣም ከጠበቀ ደግሞ ደም ይቋረጥና ነገሩ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ያጠረው እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብዙ ሰው ላይ እምብዛም አይታወቅም። ከዚያ ሲያልፍ ማነከሱ ይታያል። ጫማ ሰፊ ጋ ሄዶ የቀኝ ጫማውን ሶል ያስወፍራል። አዲስ ጫማ በገዛ ቁጥር ይኼ ወጪ አለበት። ከዓመታት በኋላ ወገቡንም ሊያመው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የማክማቸው ሰዎች በብዛት የሚያማርሩት ስለ ስብራቱ አይደለም፣ ስለ ጉልበታቸው ነው። እግሩ ለወራት ሳይታጠፍ ሲቆይ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይከሳል። በደንብ ካልሠራበት እንደ በፊቱ ላይታጠፍ ይችላል። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት አይችልም። በርጩማ ላይ ሲቀመጥ አንድ እግሩን ዘርግቶ ነው፣ ቡና የሚያድለው ሰው በላዩ ይሻገረዋል። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር አይሆንለትም።

ሰላትም አለ። ሱጁድ መውረድ ካቃተው ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል፣ ይፈቀዳል። ግን ይማም ስንት ዓመቱ ነው? 26 ከሆነ፣ መስጊድ ውስጥ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ያቀረበለት ማነው? ያን ቀን ተቀመጠ ወይስ ቤቱ ተመለሰ? እኔ ብሆን እዚያ ላይ ሙሉ ገጽ እጽፋለሁ።

ከተማውንም አስቢበት። ደሴ ዳገት ነው። ሰው ዳገቱን ይፈራል፣ ለታመመ ጉልበት ግን ቁልቁለቱ ይብሳል። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ይሞቃልም። ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል። ይማም ለእግሩ ብሎ ወደኛ ቢወርድ ልክ ነው፣ ያደረጉትን አውቃለሁ። ችግሩ እናቱ ደሴ ናቸው። እሳቸውን ለመጠየቅ በወጣ ቁጥር በሐረጎ ማለፍ አለበት።

ሠርጉን አትሰርዢው። እስክስታ የትከሻ ነው፣ ቆሞ ይምታ። ሌሎቹ ዝቅ ሲሉ እሱ ምን ያደርጋል? እሱን ጻፊው።

የሆጤ ልጅ

ስለ ፊቱ እኔ ልንገርሽ። የ6 ዓመት ልጅ ሆኜ የፈላ ውሃ ተደፍቶብኛል። ከግራ ጆሮዬ ሥር ጀምሮ አንገቴን፣ ትከሻዬን ይዞ እስከ ክርኔ ጠባሳ ነው። አሁን 34 ዓመቴ ነው።

የኔ የቃጠሎ ነው፣ የይማም የመስታወት ነው፣ አንድ አይደሉም። የተቆረጠ ቆዳ መስመር ይተዋል። የተቃጠለ ይሸበሸባል፣ ይጎትታል። እኔ ሳድግ ጠባሳው አብሮኝ አላደገም። አንገቴን ወደ ግራ ጎትቶት ነበር። በ13 ዓመቴ በቀዶ ጥገና ነው የተለቀቀልኝ።

ጠባሳ ባለበት አይቆምም። መጀመሪያ ያብጣል፣ ያሳክካል። እስኪረጋ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያድጋል፣ ኬሎይድ ይሉታል። ስለዚህ ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ጠባሳና ምዕራፍ 12 ላይ ያለው አንድ ዓይነት ከሆኑ አስተካክዪው።

የኔ ጠባሳ አያልበውም። ኮምቦልቻ ስወርድ ሌላው ሰውነቴ በላብ ርሶ እሱ ደረቅ ነው። ደሴ ላይ ሐምሌ ሲገባ ይጨመድደኛል። ጠዋት ቫዝሊን ሳልቀባ አንገቴን ማዞር ይከብደኛል።

ሚኒባስ ስገባ ከሾፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ ነው የምቀመጠው። ግራዬ ወደ መስኮቱ ይሆናል። አስቤበት አይደለም፣ እግሬ ራሱ ይወስደኛል። ባለቤቴ ይኼን ያስተዋለው ከተጋባን ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ይማምም እንዲህ ያለ ነገር ይኑረው፣ አንቺም አታብራሪው። አንባቢ ይድረስበት።

ልጆች ሲያዩኝ አልከፋም። «ምን ሆነሽ ነው?» ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። የሚከብደኝ የማላውቀው ትልቅ ሰው መጥቶ «ይኼ ባይሆንብሽ እንዴት ቆንጆ ነበርሽ» ሲለኝ ነው። ደግ የተናገረ መስሎት እኮ ነው። ሰውዬው ይሄዳል፣ እኔ ያን ቀን ሥራ መሥራት ያቅተኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልጅነቴ ውስጤ አለ። ትምህርት ቤት ድራማ ስንሠራ ክፉዋ እንጀራ እናት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ማንም አልመከረበትም፣ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ፊልሙም ተረቱም ጠባሳ ያለበትን ሰው ክፉ ስለሚያደርገው ነው። ይማም ጥሩ ሰው በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ልጅቷ ግን 5 ጊዜ ጠባሳውን አይታ 5 ጊዜ ሆዷ መባባቱ ልክ አልመሰለኝም። እኔና ባለቤቴ ስለ ቤት ኪራይ ስንጨቃጨቅ ጠባሳዬ የት እንዳለም ትዝ አይለን። እንዲህ ያለ ምሽት ስጫቸው።

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ለ31 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። አንድ በጣም የቆየ ነገር ላስታውስሽ።

በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ኦዲሲ ውስጥ ጀግናው ኦዲሴየስ ከ20 ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ቤቱ ይመለሳል። ሚስቱ አላወቀችውም። በልጅነቱ ያሳደገችው አሮጊት እግሩን ስታጥብ እጇ ከጉልበቱ በላይ ያለ ጠባሳ ላይ ያርፋል። በወጣትነቱ ከርከሮ የወጋው ቦታ ነው። እግሩን ትለቀዋለች፣ ውሃው ይደፋል። ያወቀችው በመዳፏ ነው። ከርከሮው እንዴት እንደወጋው የሚተረከውም እዚያው ላይ ነው። እጇ ጠባሳው ላይ እንዳለ ትረካው ወደ ኋላ ተመልሶ አደኑን በሙሉ ይነግረናል። አንቺ የአደጋውን ታሪክ ምዕራፍ 3 ላይ ነግረሽ ጨርሰሻል። ስህተት አይደለም። ግን ጥቂቱን ብታስቀሪው፣ አንድ ሰው ጠባሳውን ሲነካው ልታወጪው ትችያለሽ።

ሁለተኛው የሥራው ነገር ነው። ረዳት መኪና ላይ ይንጠላጠላል፣ ሸራ ያስራል፣ ጎማ ያወርዳል። ይማም ይኼን ከእንግዲህ አይችልም። ታዲያ በምን እንጀራ በላ? አበበ ቢቂላን አስቢ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ሰው ሁሉ ሮምን ያወራል። እኔ ቀስቱን ሳስብ ነው የምቆየው። ያ ሁሉ ክብር ከእግሩ የመጣ ሰው፣ ቁጭ ብሎ በክንዱ አዲስ ነገር መማር ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን እንዴት ነበር?

ሦስተኛው ከሰፈሬ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤት ነበሩን። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። የቦምብ ፍንጣሪ ትከሻቸው ውስጥ ቀርቷል። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ትከሻቸውን ይይዙና «መጣ ደግሞ አውሮፕላኑ» ይሉ ነበር። ስለዚያ ቀን ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን እሳቸው ያንን ባሉ ቁጥር ወደ ሰማይ አይ ነበር።

በየገጹ አመመው ማለት አያስፈልግሽም። እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ፈልጊለት። መጽሐፉ ውስጥ 3 ጊዜ ብትመጣ ይበቃል።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ፈጣሪ ይስጥልኝ። ሌሊቱን ስጽፍ ነው ያደርኩት።

ጋሼ፣ የጎረቤትዎን ነገር ለአክስቴ ነገርኳት። ብዙ ቆይታ «የኔም እናት ጥርሷን እንዲህ ነበር የምትጠራው» አለችኝ፣ ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ታሪክ አወራችኝ። እሱን ለራሴ ላስቀምጠው።

ይማም ኮምቦልቻ ወርዷል። የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል። ድሮ የሚያስረውን ሸራ ማለት ነው። የስፌት መኪናውን በግራ እግሩ ብቻ ነው የሚረግጠው፣ ቀኙን በጎን ዘርግቶ። ሠርጉ ላይ ሌሎቹ ዝቅ ሲሉ እሱ ቀና ብሎ ያጨበጭባል። ሙሽራው አይቶት ሳይወርድ ይቀራል። የእህቴን ምክር ሰምቼ ከልጅቷ 5 እይታዎች 4ቱን አውጥቻለሁ። በምትኩ ስለ ኪራይ ይጨቃጨቃሉ።

ሐረጎን እንዲህ አደረግኩት። ሚኒባሱ እዚያ ሲደርስ ይማም ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይጀምራል። ሁልጊዜ። ማንም ይሁን ማን። መታጠፊያዎቹ ሲያልቁ ወሬውን መሃል ላይ ያቆመዋል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የእናቱ ቤት ደረጃ አለው። የታመመው ቀኝ እግሩ ስለሆነ ከዘራውን በቀኝ እጁ አስይዤዋለሁ። ልክ ነኝ?

ፊዚዮቴራፒስት ከኮምቦልቻ

አይደለም፣ በግራ እጁ ነው። ከዘራ በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዘው። ብዙ ሰው እንዳንቺ ይመስለዋል፣ ታካሚዎችም መጀመሪያ ይሳሳታሉ።

ደረጃ ሲወጣ ግራ እግሩ ይቀድማል፣ ከዘራውና ቀኙ ይከተላሉ። ሲወርድ ከዘራውና ቀኙ ይቀድማሉ። ስናስተምር «ደህናው ይውጣ፣ የታመመው ይውረድ» እንላለን። እናቱ አብረውት ሆስፒታል ከነበሩ ይኼን ሰምተዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደረጃው ሥር ቆመው የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ከምዕራፍ 4 ጀምሮ ከዘራውን ወደ ግራ እጁ እያዛወርኩ ነው። 17 ቦታ አገኘሁ። በቀኝ እጁ ሻይ ይዞ ከዘራ የያዘበትም አንድ ቦታ ነበረ።